የአቶ ነገራ የሙሽራ መኪና

ሲስተር ሀረገወይን ያን ጊዜ ምን እንዳልገባት ዛሬ ለጠየቃት ሁሉ ሳታፍር ትናገራለች፤ ሰውዬው ከታመነ መኪናውም የሚታመን ይመስላት ነበር። እንዲህ ያለው ስሕተት ላይ የወደቀችው ሞኝ ስለ ሆነች አይደለም። መቱ ስለ ተወለደች፣ መቱ ስላደገችና የመቱን ሰው ሚዛን ሳትመረምር ስለ ወረሰች ነው።

በዚያ ከተማ አሮጌ መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሞተሯ እንዴት ነው?» ብሎ አይደለም። «የማን ናት?» ብሎ ነው። የዳኛው ናት፣ የመጋቢው ናት፣ የሟቹ ሐኪም ናት ከተባለ ምርመራው ተፈጸመ፤ የባለቤቱ ጨዋነት በመሪው በኩል ወርዶ እስከ ጭስ ማውጫው ይዳረሳል። ዳኛው ፍርድ ስለማያጓድል ፍሬኗ አይጎድልም። መጋቢው መጠጥ ስለማይቀምስ መኪናውም ዘይት አትጠጣም። ይህን የሚሉት ደግሞ ዶሮ ሲገዙ ክንፏን ገልብጠው፣ ደረቷን ዳብሰው፣ ዓይኗን አይተው፣ በመጨረሻም «ታምማለች መሰል» ብለው ጥለው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ለዶሮ የማይነፍጉትን ጥርጣሬ ለመኪና ይነፍጋሉ።

ሀረገወይን አዋላጅ ነርስ ናት። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከመቱ ወጣ ብላ ባለችው የያዮ ከተማ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ሆና ተመደበች፤ መስከረም ሳያልቅ ሥራ መጀመር ነበረባት። ሹመቱን የተመኘችው ለረጅም ጊዜ ነው። ችግሩ አባቷ ነበሩ። አቶ ገዛኸኝ በጉብዝናቸው የኢሉባቦርን ዳገትና ጫካ በገመድ የለኩ መሬት ቀያሽ ናቸው፤ አሁን ግን የዓይናቸው ብርሃን ጠፍቶ ከአልጋቸው እስከ በረንዳው ያለውን መንገድ በእጃቸው ይለካሉ። ቀን ቀን ጎረቤታቸው ጊፍቲ ታያቸዋለች። ጊፍቲ ግን ባልና ልጆች አሏት፤ ጀንበር ስትጠልቅ ወደ ቤቷ ትገባለች። ከዚያ ወዲያ መድኃኒታቸውን የሚሰጥ፣ እጃቸውን ይዞ ወደ ደጅ የሚያወጣ፣ እሳቱን የሚያጠፋ ሀረገወይን ብቻ ናት።

ከያዮ ወደ መቱ የሚመለሰው ሚኒባስ ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይነጥፋል። ምጥ በሚኒባስ ሰዓት አይመጣም። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ወይ በየማታው የምታመላልሳት መኪና ታገኛለች፣ ወይ ሹመቱን ትመልሳለች፣ ወይ አባቷ አዲስ አበባ ወንድሟ ዘንድ ይሄዳሉ። ወንድሟ ደርበው በስልክ ሐሳቡን ከመስጠት ቦዝኖ አያውቅም።

«ላኪልኝ አልኩሽ እኮ፣ ሀረግ። እዚህ ምን ይጎድላቸዋል?»

አቶ ገዛኸኝ ስልኩን ተቀብለው መለሱ። «ደረጃ የሌለው ቤት ይጎድለኛል። ይህን ቤት በእጄ አውቀዋለሁ። ያንተን ቤት ለማወቅ ዕድሜ የለኝም።»

መግዣው የሀረገወይን ዕቁብና ከአባቷ የባሕር ዛፍ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ ነበር። አንድ ጊዜ ለመግዛት ይበቃል፤ አንድ ጊዜ ለመሳሳት ግን አይበቃም።

ደላላው ዲንቃ ይባላል። ዲንቃ ስለ መኪና የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ማን በማን ፊት እንደሚያፍር ግን ጠንቅቆ ያውቃል፤ እንጀራውም ይኸው ነው። መጀመሪያ በጋምቤላ መንገድ ወዳለችው ቡሬ ወሰዳት። መኪናዋ የአንድ ወጣት ነጋዴ ስትሆን በመስታወቷ ላይ ከተለጠፈው ጥቅስና ሥዕል ብዛት የተነሣ ነጂው መንገዱን በየት በኩል እንደሚያይ ያስገርማል። ወጣቱ ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ሙዚቃ ከፈተ።

«ሲስተር፣ ድምፁን ስሚውማ! መሬት ያንቀጠቅጣል!»

«እባክህ ቀንሰው፤ ሞተሩን ልስማ» አለችው።

«የምን ሞተር?» አለ ወጣቱ፣ እናቱን የተሰደበ ያህል ቅር ብሎት።

ከቡሬ ተመለሱ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዲንቃ መቱ ገበያ ዳር፣ በማር ጀሪካኖች መካከል ወደቆመች አንዲት መኪና መራት። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ሳይሆን አይቀርም። አንዱ በሯ ከሌላ መኪና የተነቀለ አረንጓዴ ነው። የኋላ መቀመጫዋ ተነሥቶ በምትኩ ጆንያ ተነጥፏል፤ ንቦች በተከፈተው መስኮት ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ እንደ ባለቤት።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?»

«የሻሽቱ። የያዮዋ ማር ነጋዴ» አለ ዲንቃ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺን የምትመጥን አይደለችም። ዝም ብዬ ላሳይሽ ብዬ ነው።»

ሻሽቱ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ የተጠበሰ በቆሎ ትፈለፍላለች። ክንዷ የማር ቆራጭ ክንድ ነው፤ ምላሷም ለክንዷ አያንስም። መኪናዋን ሊገዛ የመጣውን ሰው ለመቀበል እንኳ አልተነሣችም።

«ክላክስ የላትም» ብላ ጀመረች። «የግራ መስኮቷ አይወርድም። ዝናብ ሲበረታ ከኋላ ታፈሳለች። ጠዋት ጠዋት ታስላለች፤ እኔም አስላለሁ። ሌላ ምን ልንገርሽ?»

«ደግ ነገሯን አትነግሪኝም?»

«ሄዳ ትመጣለች። መኪና ከዚህ ሌላ ምን ደግነት አለው?» አለች ሻሽቱ፤ የበቆሎውን ቆሮቆንዳ ወርውራ ቁልፉን ዘረጋችላት። «እንኪ፣ ንጃት። ከፈለግሽ ያዮ ድረስ። እኔ ሚኒባስ ልገዛ ነው እንጂ ይቺን አልሸጣትም ነበር።»

ሀረገወይን ቁልፉን አልተቀበለችም። «ሌላ ጊዜ» አለች በፈገግታ፤ በሩን ነክታ ማር የነካውን እጇንም በሶፍት ጠረገች። በመንገድ ስትሄድ ራሷን በብዙ ምክንያት አሳመነች። የራሱን ዕቃ የሚያዋርድ ሻጭ ወይ ያበደ ነው፣ ወይ ከተናገረው የሚከፋ ነገር የደበቀ ነው አለች። እውነተኛው ምክንያት ከዚህ ሁሉ ያነሰና የሚያሳፍር ነበር፤ በአረንጓዴ በር የሆስፒታሉን ግቢ ስታልፍ የሚያይዋትን ሰዎች ፊት አስቀድማ አይታዋለች።

ያን ዕለት ማታ ጎረቤታቸው አቶ አብደታ ዜና ይዘው መጡ። አቶ አብደታ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ በሠፈሩ አስታራቂ፣ በማንኛውም ጉዳይ ላይ አስተያየት ያላቸው ሰው ናቸው።

«ነገራ መኪናውን ሊሸጥ ነው» አሉ፣ ወንበር ሳይስቡ።

አቶ ገዛኸኝ ከተጋደሙበት ቀና አሉ። «ነጯን?»

«ነጯን! ቆማ የምትውልበት ላይ የሚከራይ ክፍል ሊሠራ አስቧል። ለገዛኸኝ ልጅ ከሆነ ከሰው ዋጋ ዝቅ አደርጋለሁ ብሏል።»

ነጯን መኪና የማያውቅ መቱ ውስጥ የለም። አቶ ነገራ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነው ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የገዟት ናት፤ ከዚያ በኋላ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሸራ አልብሰው አስቀመጧት። የምትወጣው ለሠርግ ብቻ ነው። የታወቀ ሰው ልጅ ሲዳር ሸራው ይገፈፋል፣ አበባ ይታሰርላታል፣ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ድግሱ ድንኳን በሰው እርምጃ ትሄዳለች፤ ከዚያም ወደ ሸራዋ ትመለሳለች። ሀረገወይን ራሷ ሙሽራ የሆነች ዕለት የሄደችው በእሷ ነበር። ባሏ ከዓመታት በኋላ ለሥራ ጋምቤላ ሄዶ በዚያው ቀረ። መኪናዋ ከትዳሩ ይልቅ የበረከተችው፣ ከትዳሩ ይልቅ ትንሽ መንገድ ስለ ሄደች ነው።

ስለ መኪናዋ የሚነገረው ትልቁ ምስጋናም ይኸው ነበር፤ «አልተነዳችም»። ሥራ ያልሠራን ሰው ሰነፍ የሚለው ሕዝብ፣ ያልሠራችን መኪና ንጽሕት ይላል። በዚያ ላይ ይህ ኢሉባቦር ነው። በኢሉባቦር ዝናብ የቆመ ድንጋይ እንኳ ፀጉር ያበቅላል፤ በሸራ የታፈነ ብረትና ጎማ ውስጥ ውስጡን ምን እንደሚያበቅል የጠየቀ ግን አልነበረም።

«የነገራ ከሆነች ደግ» አሉ አቶ ገዛኸኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ሀረገወይን ለረጅም ጊዜ ያልሰማችው ደስታ ነበር። «ደጄ ላይ ትቁም። እኔ ባላያት ሰው ይያት።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራት ሆነው ሄዱ፤ አቶ ገዛኸኝ ኮታቸውን ለብሰው፣ አቶ አብደታ በርኔጣቸውን ደፍተው፣ ዲንቃ ደላላነቱን በነጠላ ሸፍኖ፣ ሀረገወይን የአባቷን ክንድ ይዛ። ለጋብቻ ልመና የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። አቶ ነገራ በደጃፋቸው ቆመው ተቀበሏቸው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲያወሩ አገጫቸውን የሚያነሡ ሰው ናቸው። ሸራውን በገዛ እጃቸው ገለጡት። ነጯ መኪና አበራች። የወንበሮቿ ላስቲክ እንኳ ከፋብሪካ እንደ ወጣ አልተቀደደም።

«አያችሁ?» አሉ አቶ ነገራ።

«ዋቃዮ!» አሉ አቶ አብደታ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ተአምር እንዳየ ሰው አምላካቸውን እየጠሩ። ዲንቃ በጣቱ ኮፈኑን ዳሰሰና ጣቱን አሳየ፤ አቧራ የለውም። ኮፈኑን የከፈተው ግን የለም።

ሀረገወይን ልትከፍተው እጇን ስትሰድ እትዬ ዋሪቱ፣ የአቶ ነገራ ባለቤት፣ ከበሩ ላይ ተጣሩ። «ግቡ እንጂ! ጩምቦው ሊበርድ ነው!»

ገቡ። በቅቤ የራሰውን ትኩስ ቂጣ እየቆረሱ በሉ፤ እርጎ ጠጡ፤ የድሮ ሠርጎች ተወሱ። ሀረገወይን የተሠራባትን የተረዳችው እጇን ስትታጠብ ነው። በዚያ አገር የሰው ማዕድ ከተቆረሰ በኋላ የሰውን ዕቃ መመርመር ነውር ነው። ክፋት የለበትም፤ ማንም አስቦ አላደረገውም፤ ለዚህም ነው ከማጭበርበር ይልቅ የሚከብደው። አጭበርባሪን መጠርጠር ይቻላል። ጩምቦን መጠርጠር ግን እንዴት ይቻላል?

አቶ አብደታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጃችን መኪናዋን ወደደች። የቀረው ሊብሬውን ማዞር…»

«ጋሽ ነገራ» አለች ሀረገወይን። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በየቀኑ የምወጣው የገባ ወንዝን ዳገት ነው። ከመጨረሳችን በፊት ትንሽ ዳገት ልሞክርባት።»

እትዬ ዋሪቱ የያዙትን ሳሕን አስቀመጡ።

«ልሞክርባት?» አሉ አቶ ነገራ፤ አገጫቸው ወደ ጣሪያው ተነሣ። «የዚህን አገር ሙሽሮች ሁሉ አድርሳለች። ያንቺንም ጨምሮ። ያን ዕለት ሞክረሻት ነበር?»

«ያን ዕለት መሞከር የነበረብኝ መኪናዋን አልነበረም» አለች ሀረገወይን።

ዲንቃ ሳቁን በነጠላው ዋጠ። አቶ ገዛኸኝ ግን የልጃቸውን ክንድ ጨበጡ። «ሀረግ፣ ነውር ነው። የበላንበት ቤት ነው።»

«ተዋት፣ ገዛኸኝ!» አሉ አቶ ነገራ ብድግ ብለው። «ትንዳ! ሁላችንም እንሂድ! የሚታይ ነገር ካለ ሁላችንም እንይ!»

ሁሉም ተሳፈሩ፤ ሀረገወይን በመሪው፣ አቶ ነገራ በጎኗ፣ ሦስቱ ከኋላ። ሞተሩ ተነሣ፤ ባትሪው በዋዜማው ከጎረቤት በውሰት የመጣ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። በዋናው መንገድ ሲያልፉ ሰው ቆሞ አየ። አንዲት ሴት ከሱቅ በር ላይ እልል አለች። «ሙሽራዋ የታለች?» ብሎ የጠየቀም ነበር። አቶ ነገራ በመስኮቱ እጃቸውን አነሡ፤ የተሰደበው ክብራቸው በየሱቁ በር እየተጠገነ ሄደ።

ከከተማው ወጥተው ወደ ሶር ወንዝ ቁልቁል መውረድ ሲጀምሩ የፍሬኑ ፔዳል ከሀረገወይን እግር ሥር እንደ ጭቃ ሰረገ። ደጋግማ ረገጠችው። የሚያቃጥል ሽታ መጣ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አሉ አቶ ገዛኸኝ ከኋላ።

«ገበሬ ጫካ እያቃጠለ ነው» አሉ አቶ አብደታ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ። ዝናብ ያካፋ ነበር።

በማርሽ እየያዘች ድልድዩን ተሻገረች። ማዶ ያለው ዳገት ተጀመረ። ነጯ መኪና መጀመሪያ አቃሰተች፣ ከዚያ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ከኮፈኗ ሥር ነጭ ጭስ ለቀቀች፤ በመጨረሻም ወገቧ እንደ ተሰበረ በቅሎ በዳገቱ መካከል ቆመች። ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር ዲንቃ ዘሎ ወርዶ ድንጋይ ፈለገ። አቶ አብደታ በርኔጣቸው በጭቃ ላይ ወድቆባቸው ከጎማው ሥር ሁለተኛ ድንጋይ አደረጉ። ኮፈኑ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። የራዲያተሩ ቱቦ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፤ የሚፈስሰው ውሃ የሸክላ አፈር የታጠበበት ይመስል ዝገት ነው።

አቶ ነገራ ለረጅም ጊዜ አዩት። ሰውዬው የሚያለቅሱ መሰላት፤ ለአፍታም አሳዘኗት። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱና ከሐዘኔታዋ አዳኗት።

«ይቺ መኪና ዳገት አልለመደችም» አሉ።

የተናገሩት እንደ ነቀፋ አልነበረም። በጥሩ ቤት ስላደገች፣ እንጨት ለቅማና ውሃ ቀድታ ስለማታውቅ ልጅ እንደሚነገር ነበር። ሀረገወይን በግራዋ የሶርን ቁልቁል፣ በቀኟ ወደ ሁሩሙ የሚወስደውን ዳገት አየች። ከጋምቤላ ሜዳ እስከ በደሌ ድረስ ዳገት ያልለመደ ነገር የሚያገለግልበት ቦታ ይኖር እንደሆነ ለማሰብ ሞከረች። የሠርግ ድንኳን ብቻ መጣላት።

በዚህ ጊዜ ከያዮ በኩል ያቺ ባለ አረንጓዴ በሯ መኪና መጣች። ክላክስ ስለሌላት ሻሽቱ ጭንቅላቷን በመስኮት አውጥታ ጮኸች።

«ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ?» ብላ ወረደች። በዝናብ የራሱትን ሽማግሌዎች፣ ጭሱን፣ ድንጋዮቹን በየተራ አየች። «አያ ነገራ! ሙሽሪት ደከማት?»

«ራዲያተር ነው፤ ትንሽ ነገር ነው» አሉ አቶ ነገራ።

«ትንሽ ነገር ከሆነ ግፏት እንጂ! አራት ወንድ ናችሁ።» ከዚያ አቶ ገዛኸኝን አየችና ድምፅዋ ተለወጠ። «እኚህን ሰው ዝናብ ላይ ያቆማቸው ማነው? ይምጡ አባቴ፣ እኔ ጋ ይግቡ። ንቦቹ አይነኩዎትም፤ ከእኔ ጋር ተዋውቀዋል።»

የማር ጀሪካን የምታስርበትን ጠፍር አወጣች። ነጯን መኪና ገፍተው አዞሩ፤ ታሰረች። ሻሽቱ አቶ ገዛኸኝን ከጎኗ፣ አቶ አብደታንና ዲንቃን ከጀሪካኖቹ መካከል አስቀምጣ ጎተተች። ሀረገወይን ከኋላ በጠፍር በምትጎተተው መኪና መሪውን ይዛ ነበር፤ አቶ ነገራ በጎኗ አገጫቸውን አንሥተው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ በሠርግ ሰልፍ መሐል እንዳሉ ተቀምጠዋል። የሻሽቱ መኪና እያሳለች የመቱን ዳገት ወጣች። ያቺው ሴት ከሱቋ በር ላይ ዳግመኛ እልል አለች፤ የአሁኑ እልልታ ግን ሌላ ዓይነት ነበር።

ሌላ አገር ቢሆን ታሪኩ በዚህ ያበቃ ነበር። መቱ ግን የሆነው ነገር አይደለም የሚፈረደው፤ የሆነው ለማን እንደሆነ ነው። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ጃርሶሊ ተብለው የሚከበሩት የሠፈሩ ሽማግሌዎች በአቶ ገዛኸኝ በረንዳ ተሰበሰቡ። አቶ ነገራም ነበሩ፤ ተበዳይ ሆነው፤ ዲንቃም በዳር ቆሞ። አቶ አብደታ በታጠበው በርኔጣቸው ላይ እጃቸውን አኑረው ፍርዱን አሰሙ።

«ልጃችን፣ ይቺ መኪና ስንት ዓመት ሙሉ ደህና ነበረች። በማን እጅ ተበላሸች? ባንቺ እጅ። ያለ ዐቅሟ ዳገት አስወጥተሽ ሰበርሻት። ነገራ ክፉ ሰው ስላልሆነ ካሣ አይጠይቅም። ባለችበት ሁኔታ ትወስጂያታለሽ፤ ዋጋው ትንሽ ይቀነሳል፤ ፍቅራችንም ይቀጥላል።»

ሀረገወይን በመጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ከዚያ ግን የነገሩን ውበት አደነቀች፤ ውሸት የሌለበት፣ ክፋት የሌለበት፣ አንድም ሰው ያላጭበረበረበት ፍጹም እብደት ነበር።

«አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለች።

አቶ ገዛኸኝ ፊታቸውን ወደ ጓሮው አዙረዋል። «ውሰጃት» አሉ ቀስ ብለው። «ይጠገናል። ከነገራ ጋር አርባ ዓመት ኖሬያለሁ። በስተርጅና ስሜን በክፉ አታስነሺ።»

ከሽማግሌዎቹ ቃል ይልቅ የጎዳት ይህ ነው። የተናገረው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ትቆጣ ነበር። ይልቁንም ተነሥታ በአባቷ አጠገብ ቆመችና ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች።

«እሺ። እወስዳታለሁ።»

ሽማግሌዎቹ በእፎይታ ተነፈሱ። ዲንቃ የድለላ ድርሻውን አስቦ ፈገግ አለ።

«ግን በአገራችን ወግ ያለ ዋስ ሽያጭ የለም» አለች። «እኔ ዋስ እፈልጋለሁ። የገንዘብ አይደለም። መኪናዋ መንገድ ላይ ያስቀረችኝ ማታ፣ ከእናንተ አንዱ እዚህ መጥቶ ከአባባ ጋር ያድራል። መድኃኒት ይሰጣል፤ ሌሊት ሲነሡ እጃቸውን ይዞ ወደ ደጅ ያወጣል፤ ወድቀው ከሆነ ያነሣል። መኪናዋ የታመነች ከሆነች አንድም ማታ አትጠሩም። ማን ዋስ ይሁን?»

ከጓሮ የጊፍቲ ዶሮዎች ይሰሙ ነበር።

«አቶ አብደታ?»

«እኔማ… የማታ ጸሎት አለብኝ» አሉ አቶ አብደታ፤ በርኔጣቸውን እያገላበጡ። «ወገቤም እንደምታውቂው ነው።»

«ጋሽ ነገራ? መኪናዋ የእርስዎ ናት።»

የአቶ ነገራ አገጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረደ። «የሌሊት ብርድ አይስማማኝም። ሐኪምም ከልክሎኛል» አሉ። ከዚያ ጨመሩ፤ «ደግሞ መኪና መኪና ነው። ማን ለመኪና ዋስ ይሆናል?»

ሦስተኛው ሽማግሌ ሳል ያዘው። አራተኛው ሰዓቱን አየ። ዲንቃ ወደ አጥሩ በር ሦስት እርምጃ ያህል ፈቀቅ ብሎ ነበር።

አቶ ገዛኸኝ ይህን ሁሉ አላዩም፤ ግን ሰሙት። ዕድሜ ልካቸውን ያከበሯቸው ሰዎች፣ አንድ ሌሊት እጃቸውን ለመያዝ የሚያቀርቡትን ሰበብ በየተራ፣ በየድምፁ ለይተው ሰሙ። እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ።

«በቃ» አሉ። «ለመጣችሁበት እግዜር ይስጥልን።»

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አቶ ገዛኸኝ ደህና ዋሉ ለማለት አልተነሡም፤ ይህ በቤታቸው ታይቶ አይታወቅም። የአጥሩ በር ሲዘጋ ሰምተው ልጃቸውን ጠሩ።

«ሀረግ።»

«አቤት አባባ።»

«የማሩ ሽታ በሳሙና ይለቃል?»

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያው ምን ይደረጋል» አሉ አቶ ገዛኸኝ።

በነጋታው ሀረገወይን ከሻሽቱ ጋር አረንጓዴ በር ያላትን መኪና እየነዳች ያዮ ደርሳ ተመለሰች። በገባ ቁልቁለት ሆን ብላ ፍሬን ያዘች፤ በገባ ዳገት ሆን ብላ ቆማ ተነሣች። ሻሽቱ በጎኗ የተቆላ ባቄላ እየቆረጠመች «ምን ታፍሪያለሽ፣ ንጃት! የእኔ ናት እንጂ የቄስ አይደለችም!» ትላት ነበር። መኪናዋ አሳለች፣ አፈሰሰች፣ ሄደችም፣ መጣችም።

ነጯ መኪና ወደ ሸራዋ ተመልሳለች። ቱቦ ተቀይሮላት ዛሬም ሙሽራ ይዛ በመቱ አስፋልት ትንፏቀቃለች፤ ድግሱ ያለበት ቤት ዳገት ላይ ከሆነ የሙሽራው ጓደኞች ይገፏታል፤ ሰውም እልል ይላል። አቶ አብደታ ሀረገወይንን መንገድ ላይ ሲያዩ «መኪና ሰባሪዋ» ይሏታል፤ እንደ ቀልድ።

ሀረገወይን የሻሽቱን መኪና ገዛች። ክላክስ አስገጠመችላት፤ አረንጓዴውን በር አልቀባችውም። መስከረም ሳያልቅ ያዮ ሥራ ጀመረች፤ ማታ ማታ መቱ ተመልሳ ከአባቷ ጋር አደረች።